ግርማን በትኬት ማየት

ትንሽ የቅንጦት የአሰሳ መርከብ የምትባለው ብዙውን ጊዜ ከ100 እስከ 200 መንገደኛ የምታሳፍር፣ አካሏ ተንሳፋፊ በረዶን እንዲቋቋም ተጠናክሮ የተሠራ፣ ውስጧ ግን እንደ ታላቅ ሆቴል የተሰናዳ መርከብ ናት። በሺዎች የሚቆጠር ሰው ጭነው በካሪቢያን ባሕር የሚዞሩት ግዙፍ መርከቦች የሚሸጡት ራሳቸውን ነው፤ መዋኛቸውን፣ ቁማር ቤታቸውን፣ የሙዚቃ መድረካቸውን። የአሰሳዋ መርከብ የምትሸጠው ከመስኮቷ ውጭ ያለውን ነው። ወደብ ወደሌለበት፣ መንገድም ሆነ ሱቅ ወደማይታይበት ጠረፍ ትሄዳለች፤ ብዙ ሺሕ ዶላር መክፈል ለሚችል ሰው፣ ሰው ያልሰፈረበትን ምድር ታሳያለች። የዚህ ዓይነቱ ጉዞ ዋነኛ መድረሻ አንታርክቲካ ነው፤ ከጉዞው ጋር የሚነሣው የፍልስፍናና የሃይማኖት ጥያቄም ከየትም ይልቅ ጎልቶ የሚታየው እዚያ ነው። በዋስትና ተጠብቆ፣ በገንዘብ ተገዝቶ የሚታይ ግርማ ግርማ ነውን? ከሆነስ ዋጋውን በእርግጥ የሚከፍለው ማን ነው?

ጉዞው በዛሬ መልኩ የተጀመረው በ1966 ነው (እዚህ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ስዊድን ተወልዶ አሜሪካ የኖረው ላርስ-ኤሪክ ሊንድብላድ በዚያ ዓመት ስድሳ የማይሞሉ መንገደኞችን በአርጀንቲና የባሕር ኃይል መርከብ ወደ አንታርክቲካ ወሰደ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለዚሁ ሥራ ብቻ የታሰበች «ሊንድብላድ ኤክስፕሎረር» የተባለች ትንሽ መርከብ ፊንላንድ ውስጥ ተሠራችለት። የሊንድብላድ እምነት ግልጽ ነበር፤ ሰው ያላየውን ነገር ለመጠበቅ አይነሣም፣ ስለዚህ የሚያየው ይብዛ። ከመንገደኞቹ ጋር የተፈጥሮ ሊቃውንትን ማሳፈር ልማድ እንዲሆን ያደረገውም ይኸው እምነት ነው። እስከ ዛሬም የሥራው ሁሉ ማጽደቂያ ሆኖ ይነገራል።

የመርከቧ ኑሮ የራሱ ሥርዓት አለው። ጉዞው አብዛኛውን ጊዜ የሚነሣው ከአርጀንቲና ደቡባዊ ጫፍ፣ ከኡሽዋያ ነው። መርከቧ ወደብ ስትለቅ ሁሉም የነፍስ አድን ሰደርያውን ይዞ የአደጋ ጊዜ ልምምድ ያደርጋል። ቀጥሎ ሁለት ቀን ያህል የድሬክ መተላለፊያ ነው፤ 800 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ ምድርን ዙሪያዋን የሚነፍሰውን ነፋስ የሚያግድ የብስ የሌለበት ባሕር። ማዕበሉ ሲያይል ምግብ ቤቱ ጭር ይላል፤ በየኮሪደሩ የማስታወኪያ ከረጢት ተሰክቶ ይታያል። በዚሁ ጊዜ የመንገደኛው ጃኬት፣ ቦርሳና ሱሪ በአቧራ መጥረጊያ ማሽን ይጸዳል፤ ከሌላ አህጉር የመጣ ዘር በኪስ ስፌት ተደብቆ እንዳይገባ ነው። ከተደረሰ በኋላ ቀኑ በጉዞ መሪው ድምፅ ይከፈታል። ነፋሱና በረዶው ከፈቀዱ መንገደኞቹ ዞዲያክ በሚባሉ በአየር የሚነፉ ጀልባዎች አሥር አሥር እየሆኑ ይወርዳሉ፤ ከመውረዳቸው በፊትና ከተመለሱ በኋላ ቦት ጫማቸውን በተሕዋስያን ማጥፊያ ይነክራሉ። አንድ ሁለት ሰዓት በፔንግዊኖች አጠገብ፣ ከዚያ ወደ መርከቧ። በሩ ላይ ትኩስ መጠጥ ይጠብቃል። ከሰዓት በኋላ ሌላ ጠረፍ፣ አመሻሹ ላይ ስለ ዓሣ ነባሪ ወይም ስለ በረዶ አፈጣጠር ትምህርት፣ በመጨረሻም ሳሕኑ ተራ በተራ የሚቀርብበት ረጅም ራት። በበጋው አጋማሽ ጨለማ የለም ማለት ይቻላል፤ በረንዳ ያለው ክፍል የያዘ ሰው እኩለ ሌሊት ላይ ከነፒጃማው ቆሞ ከመርከቧ የሚበልጥ የበረዶ ተራራ ሲያልፍ ያያል።

በፒጃማ የሚታይ የበረዶ ተራራ ሰውን በእውነት ሊያስደምም ይችላልን? ብዙ ተቺ ወዲያው «ይህ የይስሙላ ነው» ይላል፤ እውነተኛው መደመም የተራቡትና የበረዳቸው የጥንት አሳሾች ነው ይላል። የግርማን ነገር በጥልቀት የመረመሩት ፈላስፎች ግን ከዚህ ተቺ ጋር አይስማሙም። አየርላንዳዊው ኤድመንድ በርክ በ1757 ባሳተመው ድርሳኑ፣ የግርማ ሥሩ ሽብር መሆኑን ተናግሮ፣ ሽብሩ በጣም ከቀረበ ግን ደስታው ሁሉ ጠፍቶ ስቃይ ብቻ እንደሚቀር አስረዳ። ኢማኑኤል ካንት በ1790 በወጣው ሦስተኛው የ«ሂስ» መጽሐፉ ነገሩን ከዚህ አራቀቀው። ያዘመመ ገደል፣ መብረቅ ያዘለ ደመና፣ እሳተ ገሞራ፣ ወሰን የሌለው የተቆጣ ውቅያኖስ፣ እነዚህ ሁሉ ሰውን የሚስቡት እሱ ራሱ ከአደጋው ውጭ ቆሞ ሲያያቸው ነው። ሊሰምጥ የደረሰ ሰው ማዕበሉን አያደንቅም፤ ይዋኛል። ከአደጋው ውጭ የቆመው ግን አካሉ ኢምንት መሆኑን እያየ፣ በውስጡ ደግሞ ማዕበል የማይደርስበት አእምሮና የሞራል ሕግ እንዳለው ያስተውላል። ለካንት ግርማ ያለው በባሕሩ ውስጥ ሳይሆን በዚህ ማስተዋል ውስጥ ነው። ካንት ራሱ ከኮኒግስበርግ አካባቢ ርቆ የማያውቅ ሰው ነበርና ስለ በረዶ ተራራ የጻፈው ሁሉ ከመጽሐፍ ያገኘው ነው፤ ይህም ሐሳቡን ከማዳከም ይልቅ ያጠናክረዋል።

እንግዲህ በካንት ሚዛን የሞቀው ካቢን ነውር አይደለም፤ እንዲያውም የግርማ ቅድመ ሁኔታ ነው። ነገር ግን እዚያው መጽሐፍ ውስጥ ብዙ አንባቢ የሚያልፋት አንዲት ወሬ አለች። የስዊሱ ሊቅ ደ ሶሲር የአልፕስን ተራሮች ሲያጠና ያገኘው አንድ የሳቮይ ገበሬ፣ የበረዶ ተራራ ወዳጆችን ሁሉ ያለ ማመንታት ጅሎች ብሎ ነበር። ካንት ገበሬውን አልናቀውም። ደ ሶሲር ወደ ተራራው የወጣው እንደ አብዛኛው ተጓዥ ለመዝናናት ወይም በኋላ በስሜት ለመተረክ ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ገበሬው ምናልባት አይሳሳትም ነበር ይላል። የሊቁ ዓላማ ሰዎችን ማስተማር ነበር፤ ያም አዳነው። ስለዚህ ካንት ሁለት መስፈርት ትቷል። ደኅንነት ይፈቀዳል፤ ዓላማው ግን ይጠየቃል። በአሰሳ መርከብ ላይ ያለው መንገደኛ የመጀመሪያውን በቀላሉ ያልፋል፤ ሁለተኛው ላይ ነው የሚቸገረው፤ ምክንያቱም በበረንዳው ላይ ከሚነሡት ፎቶግራፎች አብዛኞቹ የተነሡት በኋላ ለመተረክ ነው።

ከካንት እጅግ ቀድሞ ሮማዊው ባለቅኔ ሉክሬቲየስ፣ በየብስ ላይ ቆሞ በባሕር የሚታገለውን ሌላ ሰው ማየት ደስ እንደሚያሰኝ ጽፏል፤ ደስታው የሚመጣው ከሌላው መከራ ሳይሆን ራስ ከምን እንደተረፉ ከማየት ነው ሲልም አክሏል። ጀርመናዊው ሐንስ ብሉመንበርግ በ1979 ይህን ምስል ይዞ አንድ ትንሽ መጽሐፍ ጻፈበት፤ የአውሮፓ ሐሳብ ተመልካቹን ቀስ በቀስ ከጠረፍ እያወረደ ወደ ባሕሩ እንዳስገባው አሳየ። የቅንጦት መርከብ ደግሞ ያልታሰበ ነገር አደረገች፤ ጠረፉን ራሱን ወደ ባሕሩ መሐል ይዛ ገባች። ተመልካቹ ማዕበሉ ውስጥ ነው፤ ግን የየብስ ሰው ነው።

የጥንቶቹ አሳሾች ገጠመኝ ከዚህ የተለየ ነገር ስለሆነ ለብቻው መታየት አለበት። በ1916 ኧርነስት ሻክልተንና አምስት ጓዶቹ መርከባቸው በበረዶ ተጨፍልቃ ከጠፋች በኋላ በአንዲት ትንሽ ጀልባ ከ1,300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው ደቡብ ጆርጂያ ደሴት ደረሱ። ሻክልተን፣ ወርስሊና ክሪን ካርታ የሌለውን የደሴቱን ተራራ አንድ ቀን ተኩል ያህል ሳያርፉ አቋረጡ። በኋላ ሻክልተን በ1919 ባሳተመው መጽሐፍ ሦስት ሳይሆኑ አራት የሆኑ ያህል ይሰማው እንደነበር ጻፈ፤ ጓዶቹም ያንኑ ስሜት መስክረዋል። አራተኛው ማን እንደሆነ መጽሐፉ አይናገርም። ጀርመናዊው የሃይማኖት ሊቅ ሩዶልፍ ኦቶ በ1917 ባወጣው ስለ ቅዱሱ የሚናገር መጽሐፉ የለየው ነገር እዚህ ላይ ይጠቅማል። ግርማና ቅድስና ይመሳሰላሉ፤ አንድ ግን አይደሉም። ግርማ ተመልካቹን ከፍ ያደርገዋል፤ ቅዱሱ ግን በአንድ ጊዜ እየሳበ ያንቀጠቅጠዋል፣ ትቢያነቱን ያሳየዋል። ሻክልተን የተመለከተው ውብ እይታ አልነበረም፤ የሚመለከትበት ጊዜም አልነበረውም። የደረሰበት ነገር ሊገዛ፣ ሊታቀድም ሆነ ሊደገም አይችልም። የጉዞ ድርጅቶች ማስታወቂያ ነውሩ እዚህ ላይ ነው፤ የካንትን ዕቃ በሻክልተን ስም ይሸጣሉ። መርከቦቹ ደቡብ ጆርጂያ ሲደርሱ መንገደኛው በግሪትቪከን መካነ መቃብር በሻክልተን ራስጌ ቆሞ ብርጭቆ ያነሣል፤ ከዚያም ራት ይበላል።

ይህን ጉዞ ከሃይማኖታዊ ጉዞ ጋር የሚያመሳስሉም አሉ። መመሳሰሉ ሐሰት አይደለም፤ መንገደኛው ከለመደው ኑሮ ይለያል፣ ልዩ ልብስ ይለብሳል፣ ከማያውቃቸው ሰዎች ጋር አንድ ዓይነት ቀይ ወይም ቢጫ ጃኬት ለብሶ አንድ ማኅበር ይሆናል፣ ወደ ምድረ በዳ ሄዶ የተለወጠ ሰው ሆኖ ለመመለስ ይመኛል። ምድረ በዳ ግን በክርስትና ታሪክ ከጥንት ጀምሮ አንድ ችግር አለበት፤ ስሙ ሲሰማ ሰው ይበዛበታል። አባ እንጦንስ ዓለምን ንቆ ወደ ግብፅ በረሃ ቢገባ፣ የሚመስሉትና የሚያደንቁት ተከትለውት መጡ፤ ገድሉን የጻፈው አትናቴዎስ በረሃው በመነኮሳት ከተማ እስኪሆን ድረስ መሙላቱን ይተርካል። አትናቴዎስ ይህን በደስታ ነው የጻፈው። እንጦንስ ግን የሚጎበኙት ሰዎች ሲበዙበት ወደ ቀይ ባሕር ወገን ወደሚገኘው ወደ ውስጠኛው ተራራ ሸሸ። እንጦንስ የሚሸሽበት ሌላ በረሃ ነበረው። ከአንታርክቲካ በስተጀርባ ሌላ አንታርክቲካ የለም።

ሁለተኛው ልዩነት በአካል የሚከፈለው ዋጋ ነው። የመናኝ ጉዞ ድካሙ ራሱ የጉዞው ግማሽ ነው፤ እግር ካልተላጠ መሳለም አልሆነም የሚል ሰው በሁሉም ሃይማኖት ይገኛል። በአንታርክቲካ ጉዞ የቀረው ብቸኛ ድካም የድሬክ ባሕር ነበር። አሁን እሱም ይቀራል፤ ጨምሮ የሚከፍል መንገደኛ ከቺሌዋ ከተማ ከፑንታ አሬናስ ሁለት ሰዓት ያህል በርሮ ኪንግ ጆርጅ ደሴት ላይ ያርፍና መርከቧን እዚያው ይሳፈራል። በዚያው ደሴት ላይ፣ ከሩሲያ የቤሊንግስሃውዘን ጣቢያ አጠገብ፣ በ2004 የተባረከች ከእንጨት የተሠራች የቅድስት ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን አለች፤ ነፋስ እንዳይነቅላት በሰንሰለት ታስራ ቆማለች። ጎብኚዎቹ አንድ ሰዓት ያዩዋታል። የሚያገለግሏት ካህናት ግን ተራቸው ሲደርስ ክረምቱንም እዚያው ያሳልፋሉ። ሁለቱም አንድ ቦታ ነበርን ይላሉ።

ድካም ይበልጣል ማለት ግን ጉዞው ይጸድቃል ማለት አይደለም። ጣሊያናዊው ባለቅኔ ፔትራርክ ሚያዝያ 26 ቀን 1336 ከወንድሙ ጋር የቫንቱን ተራራ በእግሩ ወጣ፤ ጫፉ ላይ ደርሶ ያዘውን የአውግስጢኖስን «ኑዛዜ» ሲገልጥ፣ ሰዎች የተራራን ከፍታና የባሕርን ማዕበል ሊያደንቁ እየሄዱ ራሳቸውን መርሳታቸውን የሚወቅሰው ክፍል ወጣለት። አፍሮ ዝም ብሎ ወረደ። ሊቃውንት ደብዳቤው የተጻፈው ከዓመታት በኋላ ሳይሆን አይቀርም ብለው ይጠረጥራሉ፤ ገጹ እንዲህ ተመቻችቶ መገኘቱም ያስጠረጥራል። ቢሆንም ነገሩ የቆመ ነው። ሮማዊው ፈላስፋ ሴኔካም ለወዳጁ ለሉኪሊየስ በጻፈው ደብዳቤ፣ ጉዞ ያልጠቀመው ሰው ሊደነቅ እንደማይገባ፣ የሸሸውን ራሱን ተሸክሞ እንደሚዞር ተናግሯል። የሁለቱ ወቀሳ ካቢኑ የሞቀ ይሁን የቀዘቀዘ አይለይም። የውስጥን ነገር በተመለከተ መርከቧን ከባሕታዊ ዋሻ ለይቶ መክሰስ አይቻልም፤ በሁለቱም ቦታ ራስን መርሳትም ማግኘትም ይቻላል።

ክሱ የሚጸናው በሌላ በኩል ነው። ካንት ስለ ደኅንነት ሲናገር፣ ደኅንነቱን የሚያዘጋጀው ማን እንደሆነ አልጠየቀም። በቅንጦት መርከብ ላይ የሠራተኛው ቁጥር ከመንገደኛው ጋር ሊቀራረብ ይችላል። ከታችኛው ፎቅ የሚኖሩት ሞተር ጠባቂዎች፣ አብሳዮች፣ አልጋ አንጣፊዎችና ልብስ አጣቢዎች ብዙውን ጊዜ ከፊሊፒንስ፣ ከኢንዶኔዥያና ከሕንድ የመጡ ናቸው። መርከቧ ደግሞ ባለቤቶቿ በማይኖሩበት በባሐማስ ወይም በማርሻል ደሴቶች ተመዝግባ ልትገኝ ትችላለች። በ2006 ተፈርሞ በ2013 ሥራ ላይ የዋለው ዓለም አቀፍ የባሕር ሠራተኞች ስምምነት በ24 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 10፣ በሳምንት 77 ሰዓት ዕረፍት እንዲሰጣቸው ያዝዛል። ቁጥሩን ገልብጦ ለሚያነበው፣ በሳምንት ከዘጠና አንድ ሰዓት የማይበልጥ ሥራ ሕጉን አልጣሰም ማለት ነው። ከእነዚህ ሰዎች ብዙዎቹ የሄዱበትን አህጉር የሚያዩት በተራ እረፍት መሐል ከመርከቧ ወለል ላይ ነው።

በጾመ ነነዌ የሚነበበውን የዮናስን ታሪክ በዚህ ዓይን ማየት ይገባል። ዮናስ ዋጋውን ከፍሎ የተሳፈረ መንገደኛ ነው። ማዕበሉ የመጣው በእሱ ምክንያት ነው፤ ዕቃቸውን ወደ ባሕር የጣሉት ግን ባሕርተኞቹ ናቸው፣ ምስጢሩ ከወጣ በኋላም እሱን ላለመጣል ወደ የብስ ሊመልሱት የቀዘፉት እነሱው ናቸው። ዕቃው ሲጣል መንገደኛው ከመርከቢቱ ታች ተኝቶ ነበር። መዝሙረኛውም በመቶ ስድስተኛው መዝሙር የእግዚአብሔርን ድንቅ በጥልቁ ላይ አዩ የሚላቸው ለሥራ በመርከብ የወረዱትን እንጂ ሊያዩ የሄዱትን አይደለም።

ደኅንነቱ ራሱም በሌሎች ትከሻ ላይ ያረፈ ነው። ሊንድብላድ ያሠራት ያቺው መርከብ፣ ባለቤትና ስም ቀይራ «ኤክስፕሎረር» ተብላ ስትሠራ፣ ኅዳር 23 ቀን 2007 በደቡብ ሼትላንድ ደሴቶች አጠገብ ከበረዶ ጋር ተጋጭታ ሰጠመች። የነበሩባት 154 ሰዎች በነፍስ አድን ጀልባዎች ላይ ሰዓታት ከቆዩ በኋላ በአካባቢው የነበረች የኖርዌይ መርከብ «ኑርኖርገ» ሁሉንም አወጣቻቸው። ባሕሩ በዚያ ቀን የረጋ ነበር። ከ2017 ጀምሮ የጸናው የዋልታ ባሕሮች ደንብ፣ በእነዚህ ውኆች የምትሄድ መርከብ እርዳታ እስኪደርስ ቢያንስ አምስት ቀን ሰውን በሕይወት ማቆየት የምትችልበት መሣሪያ እንድትይዝ ያስገድዳል። መንገደኛው በራት ሰዓት የማያስበው እውነት ይህ ነው፤ ከሱ ያለፈ ጥፋት ቢመጣ ሕይወቱን አደጋ ላይ ጥሎ የሚመጣው ለማየት ያልከፈለ ሰው ነው።

ከሠራተኛው ቀጥሎ ከፋዩ ምድሩ ነው። አንታርክቲካ ከሌላው ዓለም ሁሉ በአንድ ነገር ትለያለች፤ ባለቤትም ነዋሪ ሕዝብም የላትም። በ1959 በ12 አገሮች የተፈረመው የአንታርክቲካ ስምምነት ሰባቱ አገሮች የሚያነሡትን የይገባኛል ጥያቄ እንዳለ አቁሞ ምድሩን ለሰላምና ለምርምር ብቻ አዋለው። በሌላ አገር እንግዳ የሚገራው በሕግ ብቻ አይደለም፤ ባለቤቱ ያየኛል የሚል ይሉኝታ አለ። እዚህ ቤቱ ባዶ ነው። የሚታዘብ አስተናጋጅ የለም፤ ፔንግዊን አይታዘብም፣ ሰውን እንኳ በቅጡ አይፈራም። ስለዚህ እንግዳው ራሱን የሚገታበትን ምክንያት ከራሱ ማውጣት አለበት።

ምክንያቱን ከሰው ጥቅም ለማውጣት ቀላል ነው፤ በረዶው ቢቀልጥ የባሕር ወለል ከፍ ይላል፣ ከተሞች ይሰምጣሉ። ከባዱ ጥያቄ ሰው ባይጎዳስ የሚለው ነው። ሪቻርድ ራውትሊ በ1973 ቡልጋሪያ ቫርና ላይ በተደረገ የፈላስፎች ጉባኤ አንድ ምሳሌ አቀረበ። በምድር ላይ የቀረው የመጨረሻ ሰው፣ ከሱ በኋላ ማንም እንደማይኖር እያወቀ፣ ሕያው ነገር ሁሉ እንዲጠፋ ቢያደርግ በደለ ወይስ አልበደለም? የሚጎዳ ሰው የለምና የሰውን ጥቅም ብቻ የሚቆጥር ሥነ ምግባር «በደል የለም» ለማለት ይገደዳል፤ ሰሚው ሁሉ ግን በደል እንዳለ ይሰማዋል። በ1991 ማድሪድ ላይ የተፈረመው የአካባቢ ጥበቃ ፕሮቶኮል ከራውትሊ ወገን ቆሟል፤ አንታርክቲካ ለሰው ከምትሰጠው አገልግሎት በተለየ ለራሷ ያላት ዋጋ እንዳለ፣ ዱርነቷና ውበቷም የዚያ ዋጋ አካል መሆናቸውን በግልጽ አስፍሯል። አንድ የፍልስፍና አቋም እንዲህ በአገሮች ስምምነት ውስጥ በጽሑፍ መግባቱ ብዙ ጊዜ አያጋጥምም። ይኸው ፕሮቶኮል ባዕድ እንስሳትን ስለከለከለ እስከ 1994 ድረስ የመጨረሻዎቹ የበረዶ ተንሸራታች ጎታች ውሾች ከአህጉሩ እንዲወጡ ተደረገ። ውሾቹ ወጡ፤ ቱሪስቶቹ በዙ።

በረዶው ላይ የሚደርሰው ጉዳት ግን አጥፊው የማይታይበት ጉዳት ነው። ፈላስፋው ዋልተር ሲኖት-አርምስትሮንግ በ2005 አንድ ሰው እሑድ ቀን ለመንሸራሸር ብቻ ነዳጅ በላተኛ መኪና ቢነዳ፣ ለአየር ንብረት ለውጥ የእሱ ድርሻ ኢምንት ስለሆነ በደለኛ ነው ብሎ ማረጋገጥ እንደማይቻል ተከራከረ። ዴሬክ ፓርፊት ከሱ ቀድሞ በ1984 ባወጣው መጽሐፍ እንዲህ ያለውን ስሌት ስሕተት ብሎት ነበር፤ ሺሕ ሰዎች እያንዳንዳቸው የማይሰማ ስቃይ በአንድ ሰው ላይ ቢጨምሩ፣ የእያንዳንዱ ድርሻ ኢምንት ነው ማለት ማንንም ንጹሕ አያደርግም ይላል። የአንታርክቲካው መንገደኛ ግን የሲኖት-አርምስትሮንግን መከላከያ እንኳ ሙሉ በሙሉ ሊጠቀምበት አይችልም። በ2022 «ኔቸር ኮሙኒኬሽንስ» በተባለ የሳይንስ መጽሔት የወጣ ጥናት፣ ከመርከብና ከአውሮፕላን ጭስ የሚወጣው ጥላሸት በረዶውን እያጠቆረ ከ2016 እስከ 2020 በነበሩት ዓመታት በእያንዳንዱ ጎብኚ ልክ 83 ቶን ያህል በረዶ በፍጥነት እንዲቀልጥ ማድረጉን ገምቷል። ሰማንያ ሦስት ቶን ኢምንት አይባልም። ሊቀልጥ ነውና ሳይቀልጥ ልየው ብሎ የሚሄድ መንገደኛ የሚያቀልጠውን ይዞ ይሄዳል።

የሊንድብላድ መከላከያ ይህን ሚዛን ይመልሳል ተብሎ ይታሰባል፤ ያየ ሰው ጠባቂ ሆኖ ይመለሳል፣ የአህጉሩ አምባሳደር ይሆናል። ያማረ ሐሳብ ነው፤ መርከብ ላይ ያሉት የተፈጥሮ ሊቃውንትም ብዙዎቹ ከልባቸው ያምኑበታል። ይሁን እንጂ በ2010 የታተመ የኔዘርላንድስ ተመራማሪዎች ጥናት፣ መንገደኞቹ ሲመለሱ አምባሳደር ስለመሆናቸው ማስረጃ አላገኘም፤ ብዙዎቹ የጉዟቸው ጭስ ለሚያዩት በረዶ መቅለጥ ምክንያት መሆኑንም አላያያዙትም። መጠበቅ ማየትን ይጠይቃል የሚለው መነሻም ቢሆን አይጸናም፤ ከማዕድን ቁፋሮ አህጉሩን የጠበቀውን የማድሪድ ፕሮቶኮል ለማስፈረም ከታገሉት ሰዎች መካከል አንታርክቲካን በዓይናቸው ያላዩም ነበሩ።

ስለ ጉዞው የሚነገር መልካም ነገር ካለ፣ የሚገኘው መደመም ውስጥ ሳይሆን የማያስደምሙት ደንቦች ውስጥ ነው። በ1991 ሰባት የጉዞ ድርጅቶች የአንታርክቲካ አስጎብኚዎች ማኅበርን ሲመሠርቱ በራሳቸው ላይ ገደብ አበጁ። በአንድ ጠረፍ በአንድ ጊዜ ከ100 በላይ መንገደኛ አይወርድም፤ ከ500 በላይ መንገደኛ የጫነች መርከብ ጨርሶ አታወርድም። ከፔንግዊን አምስት ሜትር ይራቃል፤ ፔንግዊኑ ከመጣ ሰው መንገድ ይለቃል። ምግብ ይዞ መውረድ የለም፣ ድንጋይ ማንሣት የለም። የወፍ ጉንፋን በ2023 ደቡብ ጆርጂያን፣ በ2024 መጀመሪያ ደግሞ አህጉሩን ራሱን ነካ፤ በእሱ ሥጋት በበረዶው ላይ መቀመጥና መንበርከክ እንኳ ተከልክሏል። ከ2011 ጀምሮ ወፍራም የመርከብ ነዳጅ በዚያ ባሕር በዓለም አቀፍ ደንብ ታግዷል። በፖርት ሎክሮይ፣ የእንግሊዝ የቀድሞ ጣቢያ ዛሬ ፖስታ ቤትና ቤተ መዘክር በሆነበት ትንሽ ደሴት፣ የምድሩ አንዱ ክፍል ለጎብኚ ተከፍቶ ሌላው ለፔንግዊኖቹ ብቻ ተተውቷል። እዚያ የቆመ መንገደኛ አይቶ የማይረግጠው መሬት ከፊቱ አለ። ገንዘቡ እስከዚያ ድረስ ብቻ ነው የሚሠራው።

ራስን መግታት በሃይማኖትም በፍልስፍናም ከማድነቅ ይከብዳል፤ መነኮሳቱም የታወቁት በተውት ነገር ነው። የእነዚህ ደንቦች ጉድለት ግን አንድ ጠረፍ ላይ የሚወርደውን ሰው ይቆጥራሉ እንጂ ወደ አህጉሩ የሚመጣውን አይቆጥሩም። መቶ መንገደኛ የምታወርድ መርከብ ከወጣች በኋላ ሌላዋ መቶ ይዛ ትገባለች፤ ሁለቱም ደንቡን ጠብቀዋል። ሊንድብላድ ስድሳ የማይሞሉ ሰዎችን ይዞ የደረሰበት አህጉር በቅርብ ዓመታት በአንድ የበጋ ወቅት ከ100,000 በላይ ጎብኚ አስተናግዷል። የስምምነቱ አባል አገሮች በዓመት ስንት ሰው ይግባ የሚል ጣሪያ እስካሁን አላስቀመጡም። እስኪያስቀምጡ ድረስ፣ በረንዳው ላይ የሚሰማው መደመም እውነተኛ ሊሆን ይችላል፤ ሒሳቡ ግን ገና አልተከፈለም።